«አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ ይብቃን



እሑድ አምልኮ ካበቃ በኋላ ወጣቶቻችን በግቢው ጥግ ሰብሰብ ብለው ሲጨዋወቱ ጠጋ ብላችሁ ስሙ። ስብከቱን አንሥተው የሚወያዩ አሉ፤ ጌታ ይመስገን። ብዙዎቹ ግን የሚያወሩት በሳምንቱ ውስጥ ስላዩት ፊልም ነው። «አየኸው?» «አሪፍ ነው!» «መጨረሻው ግን አልተመቸኝም።» «ያኛው ይበልጣል፣ ማታ እልክልሻለሁ።» ከሽማግሌዎች አንዱ ብቅ ሲሉ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ መዘምራን ልምምድ ይዞራል። ሽማግሌው ሲያልፉ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል።

ዛሬ የምሟገተው ፊልም ማየት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ አይደለም። በዚህ ጥያቄ ብዙ ዓመት ተከራክረናል፤ የሚያየው ማየቱን፣ የሚከለክለውም መከልከሉን አላቆመም። የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ ያየነውን ነገር በጌታ ፊት፣ ከወዳጅ ጋር ተቀምጠን የምንመዝንበት ቦታ የለንም። በመድረክ ላይ «አትዩ» ይባላል። በግቢው ጥግ «አሪፍ ነው» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ግን ባዶ ነው፤ የብዙ ወጣት ልብ የሚቀረጸውም በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

«ሁሉም የሰይጣን ነው» ለሚሉ

ይህ አነጋገር በአገራችን የቆየ ነው። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በጥንቱ ዘመን ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። በጨለማ ክፍል፣ በግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከመቶ ዓመት በኋላም ያንኑ ቃል ሳንመረምር የምንደግም እኛ ግን መልስ አለብን።

እስቲ አንድ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም የሉቃስን ወንጌል ተከትሎ የተሠራ ነው። ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። በብዙ አገር ገጠር ወንጌላውያን ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ ጄኔሬተር አስነሥተው በጨለማ አሳይተውታል። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች የጌታን መከራ በገዛ ቋንቋቸው ሰምተው አልቅሰዋል። ያን ጊዜ ማናችንም «የሰይጣን ቤት» አላልንም። ለምን? ታሪክ በምስል ሲነገር ልብ ውስጥ እንደሚገባ ስለምናውቅ ነው።

እንግዲያው እውነቱን እንናገር። በጨርቁ ላይ የታየው ጴጥሮስ ሲያለቅስ ተመልካቹን ካስለቀሰ፣ በስልኩ ላይ የሚታየው ቀማኛም ተመልካቹን ሊያስቀና ይችላል። ኃይሉ አንድ ነው። ኃይል ያለውን ነገር ደግሞ ስም አውጥተንለት ዘወር ብንል ራሳችንን አላዳንንም።

ይህ አዋጅ ሌላም ጉዳት አለው። ወጣቱ ማየቱን አያቆምም፤ መናገሩን ብቻ ያቆማል። ያየው ነገር ሲያስፈራው፣ ሲያስጨንቀው ወይም ሲያስመኘው ወደ ማን ይሂድ? የመጀመሪያው መልስ ቁጣ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ በብርድ ልብሱ ውስጥ ስልኩን ይዞ ብቻውን ይቀራል። ተደብቆ የሚበቅል ነገር ደግሞ ሥሩ ጠንካራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አትቆጡኝ። ልጁን «ፊልም ዓለማዊ ነው» ብለው የሚገሥጹ ስንቶቹ ወላጆች ናቸው ማታ ማታ በአማርኛ ድምፅ የተመለሰው የቱርክ ድራማ እንዳያመልጣቸው እራት የሚያስቸኩሉት? ድራማውን ማየታቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ለልጁ የቆመው ሕግ ለአባትየው ሲቀመጥ ነው። ልጆች የምንላቸውን ቢረሱ እንኳ የምናደርገውን አይረሱም።

«መዝናኛ ብቻ ነው» ለሚሉ

በሌላ በኩል ያሉት ወገኖቻችን «ምን አለበት? ደክሞኛል፣ ትንሽ ልዝናና» ይላሉ። ድካም እውነት ነው፤ ዕረፍትም የጌታ ስጦታ ነው። ነገር ግን «ብቻ» የምትለዋ ቃል ትክክል አይደለችም።

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ሲላክ ሕግ አንብቦ አልጀመረም፤ ታሪክ ነገረው (2ሳሙ. 12)። ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ወሰደበት አለው። ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ገብቶ በባለጠጋው ላይ ተቆጣ፣ ፈረደም። ናታንም ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ነገረው። ስንት ተግሣጽ ሊያንኳኳው ያልቻለውን በር አንድ አጭር ታሪክ ከፈተው። ጌታችንም ሕዝቡን ያስተማረው በብዙ ምሳሌ ነው።

ታሪክ የንጉሥን ልብ ሰብሮ ለንስሐ ማብቃት ከቻለ፣ የእኛንም ልብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዘንበል ይችላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ስንደሰት፣ ስንፈራ፣ ስንናደድ ቆይተን «ምንም አልነካኝም» ማለት ራስን ማታለል ነው። በቀልን የሚያጣፍጥ ፊልም አይተን ስንነሣ በሥራ ቦታ ያስቀየመንን ሰው በልባችን ስንት ጊዜ እንደቀጣነው የምናውቀው እኛና ጌታ ነን።

ነውር ለሚቆጥሩ

በመካከል ያሉ ጠንቃቃ ወገኖች ደግሞ ሌላ መለኪያ አላቸው። ስንት ስድብ አለው? ስንት መሳሳም አለው? ስንት ደም ፈሰሰ? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ «ንጹሕ ፊልም ነው» ብለው ያልፉታል።

ይህን ጥንቃቄ አልንቅም። ዝሙትን ለማሳየት ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር አለ፤ በእርሱ ላይ ውይይት አያስፈልግም፣ ማጥፋት ነው። መዝሙረኛው በዓይኑ ፊት ክፉ ነገር እንደማያኖር ወስኗል (መዝ. 101፥3)፤ እኛም ልንወስን ይገባል። በዚህ ነገር የሚታገል ወንድም ያላችሁ «ግድ የለም፣ ታሪኩ ጥሩ ነው» ብላችሁ አትጎትጉቱት። የእርሱ ነፍስ ከእናንተ የፊልም ምርጫ ትበልጣለች።

ነገር ግን መቁጠር ብቻውን መመዘን አይደለም። በዚህ መለኪያ ብንሄድ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 19ን የሚያህል አስጨናቂ ታሪክ በጉባኤ ማንበብ ባልቻልን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ክፋትን አይደብቅም፤ ክፋት እንደሆነ አድርጎ ያሳያል እንጂ። በሌላ በኩል አንድም ስድብ የሌለበት፣ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ የሚያየው ፊልም፣ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ሰው እንደሆነ በለዘብታ ሊያስተምር ይችላል። ዘበኛው ሁልጊዜ መሳቂያ፣ የቤት ሠራተኛዋ ሁልጊዜ ሞኝ፣ ገጠሬው ሁልጊዜ ቂል የሆነበት ፊልም በቁጠራው ያልፋል። እኛም ስቀን ወጥተን በማግስቱ ለቤት ሠራተኛችን የምንናገርበት ቃና ይለወጣል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ልናስባቸው የሚገቡትን ነገሮች ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው እውነት የሆነውን ነገር ነው (ፊልጵ. 4፥8)። ቅድሚያውን ልብ በሉ። ንጽሕናም በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ፍቅርም አለ፤ በሩ ግን እውነት ነው። ስለዚህ የአንድን ፊልም ነውር ከመቁጠር ጋር ውሸቱንም እንጠይቅ።

«ቤን ኸር»ን እንውሰድ። ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው ይህ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን 11 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ስለ እርሱ የሚያወሩ ወዳጆችን ስሟቸው፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሠረገላ እሽቅድምድሙ ነው። ፈረሶቹ እንዴት ሮጡ፣ መሳላ እንዴት ወደቀ! ፊልሙ ግን በእሽቅድምድሙ አያበቃም። ይሁዳ ቤን ኸር ባሪያ ያደረገውን፣ እናቱንና እህቱን ያሳሰረበትን የልጅነት ወዳጁን አሸነፈ፤ ጠላቱም ሞተ። ታዲያ ዐረፈ? አላረፈም። ከድሉ በኋላ ጥላቻው ጨመረ እንጂ አልበረደም። ሰይፉ ከእጁ የወጣው ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ይቅርታ ሲለምን ከሰማ በኋላ ነው። የፊልሙ ጥያቄ «ጠላትህን ካሸነፍክ በኋላ ጥላቻህን ምን ታደርገዋለህ?» የሚል ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ቁጭ ብሎ ይህን ያየ ሰው «ሠረገላው አሪፍ ነው» ብሎ ሲነሣ ወዳጁ ዝም ሊለው አይገባም። «አንተስ? ያ የማታናግረው ወንድምህ?» የሚል ወዳጅ ያስፈልገዋል።

«መንፈሳዊ ፊልም» የሚለው ታፔላ

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። አንድ ፊልም «መንፈሳዊ» የሚል ታፔላ ከተለጠፈበት መመርመር እናቆማለን። የማይገባ ነገር ነው። መናፍስትን እንድንመረምር የታዘዝን ሰዎች (1ዮሐ. 4፥1) ፊልምን መመርመር እንዴት ያቅተናል?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ጋድስ ኖት ዴድ» ብዙ ወጣቶቻችን በደስታ አይተውታል። አንድ ተማሪ እግዚአብሔር የለም ከሚል መምህሩ ጋር ተከራክሮ በክፍሉ ፊት ይረታዋል። የወጣቱ ድፍረት ደስ ይላል። ነገር ግን ወዳጆች ሆነን እንጠያየቅ። በዚህ ፊልም ውስጥ የማያምነው ሰው እንዴት ተሣለ? ትዕቢተኛ፣ ቂመኛ፣ ፍቅረኛውን የሚንቅ ሰው ሆኖ። መጨረሻው ደግሞ በመኪና ተገጭቶ በመንገድ ላይ ነው፤ በሞት ጣር ሆኖ ያምናል። እኛ ግን በሕይወታችን የምናውቃቸው የማያምኑ ሰዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው? ታማኝ፣ ደግ፣ ከብዙ አማኝ ይልቅ ለጎረቤቱ የሚራራ የማያምን ሰው የለም? ያን ሰው እንዴት እንደምንወድደው ፊልሙ አላስተማረንም። መርታትን አስተማረን። ጴጥሮስ ደግሞ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ ስንሰጥ በየዋህነትና በአክብሮት እንድናደርገው አዟል (1ጴጥ. 3፥15)።

«ዘ ቾዝን»ን እንመልከት። ስለ ጌታና ስለ ደቀ መዛሙርቱ በተከታታይ የሚቀርብ ሥራ ነው፤ ብዙዎችን ወንጌል ወደ ማንበብ መልሷል፣ ጌታ ይመስገን። በመጀመሪያው ምዕራፉ ስምዖን በግብር ዕዳ ተጨንቆ፣ ሌሎች አይሁድ ዓሣ አጥማጆችን ለሮማውያን አሳልፎ ለመስጠት ሲያስብ ይታያል። ጥሩ ድራማ ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 5ን ክፈቱ፤ ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም እንዳልያዙ ይናገራል፣ ስለ ዕዳው ግን አንዲት ቃል የለም። የሥራው ባለቤቶች ራሳቸው ተመልካቹ ወንጌላትን እንዲያነብ በመግቢያው ላይ ያሳስባሉ። እኛ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ከድራማው የሰማነውን ከወንጌል እንዳነበብነው አድርገን እንናገራለን። በዚያ ሰዓት «ወንድሜ፣ ይህ የት ተጽፏል?» የሚል ሰው ከሌለ ኅብረቱ ምን ይሠራል?

ሜል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት»ም እንዲሁ ነው። ስንት ሰው አለቀሰበት! በውስጡ ግን ከወንጌላት ያልተወሰዱ፣ አና ካታሪና ኤመሪክ ከተባለች መነኩሲት ራእይ የመጡ ትዕይንቶችም አሉ። ሕማሙ ረጅም ነው፣ ትንሣኤው ግን በጣም አጭር። ማልቀስ ደግሞ ንስሐ አይደለም። እንባው ሲደርቅ ዓርብ ያለቀሰው ሰው ሰኞ ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ ወዳጅ ነው የሚጠቅመው።

በተቃራኒው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያልሠራችው ፊልም እውነትን ይዞ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ እሑድ አልሮጥም ስላለው ስለ ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊደል ይናገራል። ታፔላው መንፈሳዊ አይደለም፤ በዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ያገኘ ሥራ ነው። የሰውየውን እምነት ግን በአክብሮት ያሳያል። እዚህም መመርመር አይቀርም። በፊልሙ ሊደል ማጣሪያው እሑድ መሆኑን የሚሰማው ወደ መርከቡ ሲገባ ነው። በእውነቱ ግን ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ 100 ሜትሩን ትቶ ለ400 ሜትር ተዘጋጀ፣ በ47.6 ሰከንድም ወርቁን ወሰደ። እውነተኛው ታሪክ ለእኔ ይበልጥብኛል። በመርከብ ደጃፍ በድንገት ከሚወሰን ውሳኔ ይልቅ፣ ለብዙ ወራት «አልሮጥም» እንዳለ ቆይቶ በትዕግሥት የሚለማመድ ሰው ጽናቱ ይበልጣል። ከዚያ ወደ ቻይና ሄዶ ሚሲዮናዊ ሆነ፤ በ1945 በጃፓኖች የእስረኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ። ይህን የሚያውቅ ወዳጅ አጠገባችሁ ካለ ፊልሙ እጥፍ ይጠቅማችኋል።

«አልፈልግም» ስትል የሳቅን እኛ

ሙግቴ የጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ነው። በአማርኛም፣ በሕንድም፣ በሆሊውድም ስንት የፍቅር ፊልም አይተናል። ልጁ ይከተላታል። «አልፈልግም» ትለዋለች። በሯ ላይ ይቆማል፣ መንገድ ይዘጋባታል፣ ስልኳን ከጓደኛዋ ይወስዳል። ሙዚቃው ይለሰልሳል፣ ተመልካቹ ይስቃል፣ በመጨረሻ እሺ ትላለች። እኛም «ጽናቱ አሪፍ ነው» ብለን ተነሣን።

ከዚያ ጎን «ድፍረት»ን አስቀምጡት። ዘረሰናይ ብርሃነ ያዘጋጀው ይህ የአማርኛ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መሠረቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠለፏት። ጠላፊዋን ገድላ አመለጠች፣ በነፍስ ማጥፋትም ተከሰሰች። የቆመችላት የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ ናት። የፊልሙ ስም ራሱ በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ ሴት ልጅን መድፈርም ነው። ያቺ ልጅ አንዱ ተፈጽሞባታል፣ ሌላው ተገኝቶባታል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ጠላፊው ራሱን እንደ ወንጀለኛ አያይም። ሚስቴ ትሆናለች፣ ባህሉ ነው ይላል። ከሚያስቀን የፍቅር ፊልም ጀግና በምን ይለያል? በደረጃ ነው እንጂ በሥሩ አይለይም። የሁለቱም እምነት «የእርሷ አልፈልግም ዋጋ የለውም» የሚል ነው። አንደኛው በሙዚቃ ታጅቦ ስለመጣ ሳቅንለት።

አሁን ወደ ግቢው ጥግ ተመለከቱ። ከሚስቁት ወጣቶች መካከል አንዲት እህት ዝም ብላለች። ምናልባት በሥራ ቦታዋ፣ ምናልባትም በዘመድ ቤት፣ ይብስም ሲል በራሱ በኅብረቱ ውስጥ፣ «አልፈልግም» ብላ ያልተሰማች ናት። ወንድሞቿ ሲስቁ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ጉዳዬን ልነግራቸው አልችልም። ሳንመዝን በሳቅነው ሳቅ እህታችን ላይ በር ዘጋንባት። ይህ «መዝናኛ ብቻ» ነው?

ታዲያ እንዴት እንነጋገር?

«ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለንም፣ ወንጌል እንስበክ» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ሁለቱን ሰዓት ለፊልሙ ሰጥተነዋል። እኔ የምለምነው ከፊልሙ በኋላ ያለውን ዐሥር ደቂቃ ነው። ብረት ብረትን እንደሚስል ሰውም ወዳጁን እንደሚስል የምሳሌ መጽሐፍ ያስተምራል (ምሳ. 27፥17)። «አሪፍ ነው»፣ «አዎ፣ አሪፍ ነው» መባባል ግን መሳል አይደለም።

ጳውሎስ በአቴና ሲሰብክ የአገሬውን ባለ ቅኔዎች ያውቅ ነበር፤ ከእነርሱም ጠቅሶ ወደ ሕያው አምላክ አመለከተ (ሐዋ. 17፥28)። ጣዖቶቻቸውን ሲያይ ግን መንፈሱ ተበሳጭቶ ነበር። ማወቅም መበሳጨትም በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖሩ። እኛ ከሁለት አንዱን መርጠናል፤ ወይ ሳናውቅ እንበሳጫለን፣ ወይ አውቀን አንበሳጭም።

ስለዚህ ከፊልም በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ተጠያየቁ። ይህ ፊልም ማንን እንድወድድ አደረገኝ? ማንንስ እንድንቅ አደረገኝ? እውነት የተናገረው የት ላይ ነው፣ ዋሽቶ ያለፈኝስ የት ላይ ነው? በልቤ የቀሰቀሰው ነገር ወደ ጸሎት የሚወስደኝ ነው ወይስ ከጸሎት የሚያሸሸኝ? መልሱ አንድ ዓይነት ባይሆን አትደንግጡ። አንዱ የሚያየውን ሌላው በኅሊናው ምክንያት ቢተው አይናቅ፤ የተወውም በሚያየው ላይ አይፍረድ (ሮሜ 14)። መጋቢዎችና የወጣት መሪዎች ሆይ፣ ወጣቶቻችሁን «ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሳትቆጡ ስሙ። ተግሣጽ የሚደመጠው ካደመጠ ሰው ነው።

በአረብ አገር የሰው ቤት የምትሠራ እህት ያለቻችሁም አስቡ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጠባብ ክፍሏ ገብታ የአማርኛ ፊልም በስልኳ ታያለች። ቋንቋዋን የምትሰማው በዚያች ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእርሷ «ፊልም አትዪ» ማለት ቀላል ነው፣ ምንም ወጪ የለውም። ደውላችሁ «ዛሬ ምን አየሽ? ምን ተሰማሽ?» በሏት። ስለ ፊልሙ የጀመረችው ወሬ ስለ ራሷ ሲሆን ትሰማላችሁ።

ጌታን ገና ለምትፈልጉ

ይህን የምታነቡ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ገና ያልረገጣችሁ ወዳጆችም አላችሁ። ክርስቲያን መሆን የምትወዷቸውን ታሪኮች ሁሉ ጠልቶ መጀመር ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በአንድ ፊልም መጨረሻ ላይ የተበደለው ይቅር ሲል ጉሮሯችሁ ከተያዘ፣ አንድ ሰው ለወዳጁ ሲሞት ካለቀሳችሁ፣ ግፈኛው ሲፈረድበት «እሰይ» ካላችሁ ያን ስሜት አትናቁት። ጥማት ነው። ጥማት ደግሞ ውኃ መኖሩን ይመሰክራል።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ ተዋናዩም ደሙን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የኢየሱስ ክርስቶስ ደም ግን ቀለም አልነበረም። ስለ እናንተ በእውነት ፈሰሰ፣ በሦስተኛውም ቀን በእውነት ተነሣ። ጥማታችሁን ይዛችሁ ወደ እርሱ ኑ፤ ዛሬ ባላችሁበት ቦታ በገዛ ቃላችሁ ንገሩት። ከዚያም የሉቃስን ወንጌል ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብቡ።

ለእኛ ለአማኞች ደግሞ የዚህ ሳምንት ሥራ ትንሽ ናት። የሚቀጥለውን ፊልም ብቻችሁን አትዩት። ካለቀ በኋላ ስልኩን አስቀምጡና ወዳጃችሁን በዐይኑ እያያችሁ «አሪፍ ነው» ከምትለው ቃል አንድ እርምጃ እለፉ። እርሱም ካለፈ አድምጡት። ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ።

ጌታ ዓይናችንንም አንደበታችንንም ይቀድስ። አሜን።